የወንድወሰን እንቅልፍ

ገላነሽ አቦከር በሚባል ሰፈር ተወልዳ እዚያው ያደገች ሴት ናት። ሸዋ በር አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። መስከረም ሲጠባ እጇ ፋታ አያገኝም፤ ጥቅምት ሲጋመስ ደግሞ ያው ዩኒፎርም ጉልበቱ ተቀዶ ለመጣፍ ይመለሳል። እንደ ገዛ ልጇ ሱሪ ደጋግማ የጣፈችው ግን የለም።

ልጇ ወንድወሰን ይወድቃል። ሌሎቹ ልጆች ሲሯሯጡና ሲገፋፉ ይወድቃሉ፤ እሱ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ማንም ሳይነካው ይወድቃል። ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ይይዛል። ከወለል ለመነሳት መጀመሪያ በእጁና በጉልበቱ ይንበረከካል፤ ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ እያስደገፈ፣ ራሱን በራሱ ወደ ላይ እየገፋ ይቆማል። የሰፈሩ ሰው ይህን እያየ «ሽማግሌው» የሚል ስም አወጣለት።

«ሽማግሌው፣ ወገብዎ እንዴት አደረ?» ይሉታል።

እሱም፣ ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጆቼ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይመልስላቸዋል። ሁሉም ይስቃል። ገላነሽም ትስቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ሳቁ ይጠፋል።

ባሏ እንደሻው የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ልጁን የመጠበቁ ነገር በእሷና በእናቷ በእማማ ሥራዬ ላይ ወድቋል። ስትሰፋ በየመሃሉ የስፌት መኪናዋን ታቆምና ዝም ብላ ታዳምጣለች። የልጅ ለቅሶ ከሰማች መቀሷን እንደያዘች ትወጣለች። ብዙውን ጊዜ የሚያለቅሰው የሌላ ሰው ልጅ ነው። ልጁን ሐኪም አይቶታል፤ ቪታሚን ታዞለታል። ጠበልም ወስዳዋለች። የሚያጽናናት የልጁ ባት ነበር። ባቱ ከእድሜው በላይ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ጎረቤታቸው ነስሮ፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ባቱን ጨብጦ «ወላሂ ይኼ የኳስ ተጫዋች ባት ነው፤ እግሩ ሲጠነክር ታያላችሁ» ሲላት ለጥቂት ቀን ደህና እንቅልፍ ትተኛለች።

ሰው ስለ ልጇ ከጠየቃት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ትላለች። ለመደበቅ ብላ አይደለም። እንዲህ ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። በያዙት ላይ ማማረር የባሰውን እንደ መጥራት ይቆጠራል። ደግሞም በሕይወት ያለ ልጅ ደህና ካልተባለ ምን ይባላል?

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሐሙስ ጠዋት ከትምህርት ቤት ተደወለላት። ወንድወሰን ከመማሪያ ክፍሉ ደረጃ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። ነስሮ ባጃጁን አስነስቶ አብሯት በረረ። ልጁን ሲያገኙት መምህርቷ ሻርፗን አውልቃ ክንዱን ከደረቱ ጋር አስራለት ነበር። አያለቅስም። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ነስሮ፣ ቀስ በል! ጉድጓዱ ሁሉ ክንዱ ላይ ነው የሚያርፈው!»

ነስሮ ቀስ አለ።

«ምን ትጎተታለህ? ልጁ እየሞተ ነው እኮ!»

«አቦ፣ እትዬ ገላነሽ! ቀስ ስል ፍጠን፣ ስፈጥን ቀስ በል! አንዱን ምረጪልኝ።»

«ጥሩምባውን ንፋው» አለ ወንድወሰን እናቱ ጭን ላይ እንደተኛ። ነስሮም እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሲነፋ ሄደ።

ራጁን ያዩት ዶክተር ሙሉጌታ የሚባሉ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። አጥንቱ ከክርኑ ከፍ ብሎ ተሰብሮ ቦታውን ለቋል። ዶክተሩ የልጁን ጣቶች በየተራ ጫን እያደረጉ ለቀቁ፤ ከዚያ የገላነሽን እጅ ይዘው እነዚያኑ ጣቶች አስነኳት። ቀዝቃዛ ነበሩ። የሌላኛው እጁ ጣቶች ይሞቃሉ።

«አጥንቱ የደም ሥሩን ተጭኖታል» አሏት። «በኦፕራሲዮን ወደ ቦታው መልሰን በሽቦ እናስይዘዋለን። ዛሬውኑ፣ ቶሎ መሆን አለበት። ደም ሳያገኝ ከቆየ እጁ አይተርፍም።»

ገላነሽ ለባሏ ደወለች፤ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ነስሮ ተመልሶ ሄዶ እማማ ሥራዬን ይዞ መጣ። አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን በእጃቸው ጠቅልለው አልጋው ግርጌ ተቀመጡና በአንድ እጃቸው የልጁን እግር እያሹ በሌላው መቁጠሪያውን መቁጠር ጀመሩ።

ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴ ልብስ የለበሰች፣ ሻሿን በጥንቃቄ የጠመጠመች ሴት መጣች። ዋፊቃ ትባላለች፤ የማደንዘዣ ባለሙያ ናት። የጀጎል ልጅ ናት። ከአልጋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ፊቷን ከልጁ ፊት ጋር አስተካከለችና ለገላነሽ ጥያቄ ጀመረች።

«ምግብ መቼ በላ?»

«ቁርሱን በልቶ ነው የወጣው፣ ሲስተር።»

«ሲስተር አይደለሁም፣ ግን ግድ የለም። አስም አለበት? ሳል?»

«ኧረ የለበትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የልብ ሕመም? የሚጥል በሽታ? ሌላስ የቆየ ሕመም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። ልጅ ነው፣ ይወድቃል ይነሳል።»

«ከቤተሰብ ለኦፕራሲዮን ማደንዘዣ ወስዶ የተቸገረ አለ?»

«የለም።»

«እናት አባት፣ እኅት ወንድም ደህና ናችሁ?»

«አንድ ወንድም ነበረኝ፤ ጌታነህ። ልጅ ሆኖ አንቀላፋ። እኔ ያኔ አንቀልባ ላይ ነበርኩ።»

«አላህ ይማረው» አለች ዋፊቃ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ደንቡም ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። «ወንድወሰን፣ የኔ ጀግና፣ ምንም አትሰማም እሺ? ትንሽ ታንቀላፋለህ፤ ስትነቃ እጅህ ተጠግኖ ታገኘዋለህ።»

የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ።

«አይሆንም!» አሉ እማማ ሥራዬ። ከተቀመጡበት ሲነሱ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «አይሆንም አልኩ! አንዱን ትንሽ አንቀላፍቶ ይነቃል ብላችሁኝ እዚያው አስቀርታችሁብኛል። ይኼን አልሰጥም!»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ገላነሽ አፈረች። «እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ጌታነህ እኮ ታሞ ነው ያንቀላፋው።»

«የምን ታሞ! ከብሽሽቱ ያበጠውን ቡአ ሊያወጡለት ነው የወሰዱት። ጭንብል አፉ ላይ አድርገው አስተኙት፣ እንዳንቀላፋ ቀረ። ስንት ዓመት ሙሉ ምን እያልኩሽ ኖርኩ ታዲያ?»

ገላነሽ ይህን ቃል ልጅነቷን በሙሉ ሰምታዋለች። በጌታነህ ዝክር ቀን፣ በጎረቤት ፊት፣ በቅዳሴ መልስ እናቷ «ልጄ ሐኪም ቤት አንቀላፋ» ይሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለሞቱት ስትጸልይ ላንቀላፉት ስለምትል፣ እሷም ሌላውም ሰው ቃሉን የሰማው እንዲያ ነበር። አሮጊቷ ግን ዓይናቸው እያየ የሆነውን እንደ ሆነ ነበር የሚናገሩት። ልጁ ተኛ፤ አልነቃም።

ዋፊቃ የወደቀውን ወንበር አነሳችና እማማ ሥራዬን ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። እሷም እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«እማማ፣ እርስዎ ካልነገሩኝ የሚነግረኝ የለም። ጌታነህ ከዚያ በፊት እንዴት ነበር? ይሮጥ ነበር?»

«የት ይሮጣል? በአምስት ዓመቱ ሮጦ አያውቅም። በስምንት ዓመቱ አባቱ ነበር አዝሎ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው። ባቱ እንኳ እንደዚህ የወፈረ ነበር» አሉና አልጋው ላይ የተዘረጋውን የወንድወሰንን ባት ጫን አደረጉት።

ዋፊቃ እጇን ዘርግታ ባቱን ነካች፤ ጨበጠችው፤ ሌላኛውንም ጨበጠች። ፊቷ ተለወጠ። ወደ ገላነሽ ቀና ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እኅቴ፣ እኛም ቤት ሁሉም ነገር አልሐምዱሊላህ ነው። እናቴ እግሯ ተሰብሮ አልሐምዱሊላህ ትል ነበር። እሱን ለፈጣሪ ንገሪው። ለእኔ ግን ዛሬ ክፉውን ክፉውን ንገሪኝ። ከወለል እንዴት ነው የሚነሳው?» አለቻት።

ገላነሽ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ልጇ እንደሚያደርገው እጇን ጉልበቷ ላይ፣ ከዚያ ጭኗ ላይ እያስደገፈች ተነሳች። ስትቆም እያለቀሰች ነበር።

ዋፊቃ የጠረጠረችውን ሳትሸፋፍን ነገረቻት። የጡንቻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በእናት በኩል ወደ ወንዶች ልጆች የሚመጣ ዓይነት አለ። ማረጋገጥ የሚቻለው ወደፊት፣ በምርመራ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጡንቻ ሁለት መድኃኒት አይወድም፤ አንዱ በጭንብል የሚተነፈሰው የማደንዘዣ ጋዝ ነው፣ ሌላው ጡንቻን በፍጥነት የሚያላላ መርፌ ነው። ለሌላው ልጅ ደህና የሆነው የእንዲህ ያለውን ልጅ ጡንቻ ያፈርሰዋል፤ ከፈረሰው ጡንቻ ወደ ደም የሚገባው ነገር ልብን ያቆማል።

«ወንድሜን የገደለው ይኼ ነው?»

«አላውቅም። አሁን ማንም ሊያውቀው አይችልም፤ ያን ጊዜም የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። እኔ ግን እንደሆነ ቆጥሬ ነው የምሠራው።»

ገላነሽ የልጇን ጫማ ከአልጋው ሥር አነሳች። «ይዤው እሄዳለሁ» አለች። «አንድ እጅ ይኑረው፣ ይኑርልኝ ብቻ።»

«ጫማውን አስቀምጪ፣ እኅቴ፤ ስሚኝ። አልፈራም አልልሽም፤ እፈራለሁ። ሁለቱን ግን አላስነካውም። በደም ሥር በሚገባ ሌላ መድኃኒት አስተኛዋለሁ፣ ከራሱ አጠገብም አልነሳም። ዝም ካልነው እጁ ይሞታል። እግሩ ደግሞ ወደፊት እየደከመ የሚሄድ ከሆነ፣ አላህ አያድርገውና፣ ይኼ ልጅ የሚበላውም የሚጽፈውም የሚደገፈውም በእጁ ነው። እጁ ያስፈልገዋል።»

ገላነሽ ኋላ እንደምትናገረው፣ ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ‹እጁ ያስፈልገዋል› የሚለው ብቻ ነበር። እናቷን አየቻቸው። እማማ ሥራዬ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከዚያ ገልጠው ዋፊቃን «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሉ ጠየቋት። የአባቷን ስም ነገረቻቸው። «የጨርቅ ነጋዴው? ሲለካ አያጭበረብርም ነበር» አሉና መቁጠሪያቸውን ልጁ ራስ ላይ አሳርፈው አነሱት። ገላነሽ ፈረመች።

ዶክተር ሙሉጌታ ልብሳቸውን ቀይረው መጡ። «ዋፊቃ፣ ጣቶቹን አይተሻል? ምን እንጠብቃለን?»

«አይቻለሁ፣ ዶክተር። ማሽኑ ውስጥ ጠዋት የሠራንበት ጋዝ አለ። ቱቦዎቹን ቀይሬ በኦክስጅን እያጠብኩት ነው። ትንፋሹ ቢያስቸግር በዚያ ማሽን ነው የምረዳው፤ ሳይጠራ አላስገባውም።» የልጁንም ነገር ባጭሩ ነገረቻቸው።

ዶክተሩ የልጁን ጣቶች ደግመው ነኩ፤ ሰዓታቸውን አዩ። «እኔም እስከዚያ እጄን ልታጠብ» ብለው ሄዱ።

ወንድወሰንን በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዱት «እማዬ፣ አንቺም ትተኛለሽ?» አላት። «አልተኛም» አለችው። በሩ ተዘጋ።

ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያን የመሰለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ልብ ይወጣል። አንዴ ጽዳት ሠራተኛዋ ወጣች። አንዴ አንድ ወጣት ሩጫ በሚመስል እርምጃ ወጥቶ ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። ገላነሽ ፊቱን ለማንበብ ብትሞክርም አላያትም።

«ለእኛ ልጅ ይሆን?» አለች።

«ሌላም ሰው ውስጥ አለ» አለ ነስሮ። ካደረሳቸው ጀምሮ ወደ ሥራው አልተመለሰም። «ባጃጄን ትራፊክ ቢወስዳት እንኳ ዛሬ አልነቃነቅም» አለ።

ገላነሽ መዝሙረ ዳዊት ልትደግም ጀመረች፤ ከሁለተኛው መስመር በላይ አልሄደላትም። ዐሥር ጊዜ ጀምራ ዐሥር ጊዜ ጠፋባት። በመጨረሻ «መድኃኔዓለም፣ ከራሱ አጠገብ አትነሳ» ብቻ እያለች ቀረች።

«እማዬ» አለች ቆይታ። «ያኔስ እንዲህ ተቀምጠሽ ነበር?»

«የለም። ጭንብሉን እንዳደረጉለት ሂጂ፣ ምሳውን ይዘሽ ተመለሺ አሉኝ። ይዤ ተመለስኩ።» ገላነሽም እጃቸውን ያዘች፤ ሁለቱም ከዚያ ወንበር ለውሃም ለሌላም አልተነሡም።

በሩ ተከፍቶ ዋፊቃ ስትወጣ ግንባሯ ላይ ላብ ነበር።

«ነቅቷል» አለች ዋፊቃ። «እጁ ሞቋል፤ ዶክተሩ የደም ሥሩ ሲመታ አግኝተውታል። ልቡም እስካሁን ደህና ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ቀርቶናል፤ እንዳትዘናጉ። ሽንቱን እፈልጋለሁ። ጡንቻው የተጎዳ ከሆነ ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቁሮ ይመጣል። ደሙ ለምርመራ ሄዷል፤ ሽንቱን ግን እናንተ ጠብቁልኝ።»

እንዲህ ሆኖ አንድ ቤተሰብ በሙሉ የአንድ ልጅ ሽንት መጠበቅ ጀመረ። ወንድወሰን ክንዱ በጀሶ ታስሮ፣ ግሉኮስ ተተክሎለት፣ ዓይኑን እየገለጠ እየጨፈነ ተኝቷል። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር እማማ ሥራዬ «ወንዴ!» ይሉታል፤ «አቤት» ይላል፤ ያርፋሉ።

«ሽንትህ መጣ?»

«አልመጣም።»

«ትንሽም?»

«እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን ሽንቴን ይፈልጉታል?»

ነስሮ ባዶ ሃይላንድ ከየት እንዳመጣ አይታወቅም፤ አፉን በመቀስ ቆርጦ አዘጋጅቷል። የልጁ ሽንት እንዲመጣ በምላሱ እያፏጨ ውሃ የሚወርድ ድምፅ ያሰማል። «አንተ ሰውዬ፣ እኔንም ሊያመልጠኝ ነው!» አለች ከጎናቸው ያለች፣ ከገጠር ልጅ ለማሳከም የመጣች ሴት። ሰው ሳቀ። ገላነሽ አልሳቀችም። ጊዜው እየሄደ ነው፤ የወንድሟ ሽንትስ ጠቁሮ ነበር? ማን አይቶት? ማን ጠይቆ? የልጇን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል እያየች የራሷን ትንፋሽ ትይዝ ነበር።

ፀሐይዋ ወደ ግድግዳው ስትዞር ወንድወሰን «መጣ» አለ።

ነስሮ ሃይላንዱን ደገፈ። ከዚያ ሦስቱም ጎንበስ አሉ። ቢጫ ነበር። ንጹሕ፣ ማንኛውም ጤነኛ ልጅ የሚሸናው ዓይነት ቢጫ።

እማማ ሥራዬ ቀና ብለው፣ ክፍሉ ሆስፒታል መሆኑን ፈጽሞ ረስተው፣ እልልታቸውን አቀለጡት።

«ምን ተወለደ?» አለች የገጠሯ ሴት ብድግ ብላ።

«ሽንት!» አሉ እማማ ሥራዬ።

ነርሷ ልትቆጣ መጥታ ነገሩ ሲገባት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ነስሮ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ሃይላንዱን እንደ ዋንጫ ከፍ አደረገው። ዋፊቃ ተጠርታ መጣችና አየችው፤ «ጥሩ ነው፤ ውሃ አጠጡት። የሚቀጥለውንም አሳዩኝ፤ ነገም ድረስ መጠበቅ አለብን። ከዚያ የጡንቻውን ምርመራ የሚሠራበት ቦታ እንልካችኋለን፣ ኢንሻአላህ» አለች።

ገላነሽ ሃይላንዱን ከነስሮ እጅ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ወደ ልጇ መጥታ ከጀሶው የወጡትን ጣቶች በየተራ ነካች። ሞቀዋል። ትንሿን ጣት ስትነካ ልጁ ጣቷን ያዛት፣ ደካማ አያያዝ ነው፣ ግን ያዛት። ስለ እግሩ ገና ብዙ የማታውቀው ነገር አለ፤ እሱን ለማወቅም ሩቅ አገር መሄድ ይጠብቃታል። ያን ሰዓት ግን ስለ እሱ አላሰበችም። ውሃ አጠጣችው፤ ሃይላንዱን ደፍታ፣ አጥባ፣ አልጋው ሥር መለሰችና የሚቀጥለውን ለመጠበቅ ተቀመጠች።